በኪራይ ቤት ትኋን፣ በረሮና አይጥ ሲገኝ ወጪው የማን ነው? ለጎንደር ተከራይና አከራይ የአራት ስምምነቶች ንጽጽር

ቤት ሲከራዩ ስለ ኪራዩ፣ ስለ መብራቱና ስለ ውሃው ተነጋግሮ መስማማት የተለመደ ነው። ስለ ትኋን ግን የሚያነሳ የለም። ተከራዩ ቢጠይቅ የሰው ቤት ያዋረደ ይመስለዋል፤ አከራዩም ቢያነሳ ቤቱን ያስጠላ ይመስለዋል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፍራሽ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲታይ ክርክሩ ይነሳል፦ «ይዛችሁት መጣችሁ»፣ «የለም፣ እዚሁ ነው የጠበቀን»። ያኔ በማንም እጅ ማስረጃ የለም፣ ውሉ ላይም ስለ ጉዳዩ አንድ መስመር አልሰፈረም። ተባዩ ደግሞ ሽማግሌ እስኪቀመጥ ሥራ አይፈታም።

በተከራይና በአከራይ መካከል ሊኖሩ የሚችሉት ስምምነቶች አራት ናቸው፦ ሁሉም በአከራይ፣ ሁሉም በተከራይ፣ በምንጩ መከፋፈል፣ የግቢ መዋጮ። ማራኪ ሰፈር ለተማሪ የሚከራይ አንድ ክፍል፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ አሮጌ ፎቅ፣ አዘዞ ያለ ሙሉ ግቢና ኮንዶሚኒየም አንድ ዓይነት ስምምነት አይበጃቸውም።

መመዘኛዎቹ

ዋናው መመዘኛ ይህ ነው፦ ተባዩ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን የሚችለው ማን ነው? ተከራይ ኮርኒስ መቅደድ፣ መሠረት መቆፈር ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ማስመጠጥ አይችልም። አከራይም የተከራይን አልጋ ፈትቶ ማጠብ ወይም የምግብ ዕቃውን መክደን አይችልም። ወጪው መከላከል በሚችለው ሰው ላይ መውደቅ አለበት። በማይችለው ላይ ከወደቀ ገንዘቡ ይወጣል፣ ተባዩ ግን ይመለሳል።

ከዚያ ቀጥሎ አራት ነገሮችን ይመዝኑ። ስምምነቱ ፈጣን ነው ወይ? በትኋን ላይ የአንድ ወር መዘግየት ከአንድ አልጋ ወደ ሦስት ክፍል ያደርሰዋል። መላውን ግቢ ይደርሳል ወይ? በተያያዙ ክፍሎች አንዱን ብቻ መርጨት ተባዩን ወደ ጎረቤት ማባረር ነው። በማስረጃ ሊረጋገጥ ይችላል ወይ? በመጨረሻም፣ ከፋዩ ርካሽና አደገኛ መርዝ እንዲገዛ አይገፋውም ወይ? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ሕይወት የሚያስከፍለው ግን እሱ ነው።

ተባዩን ሳይለዩ ኃላፊውን መለየት አይቻልም

አይጥ። በጭቃና በእንጨት በተሠራ ቤት አይጥ የሚገባው ግድግዳው ከቆርቆሮው ጋር ከሚገናኝበት፣ የቆርቆሮው ሞገድ ከሚፈጥረው ክፍተት፣ ከበር ሥርና የውሃ ቧንቧ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ለትንሿ አይጥ የእርሳስ ውፍረት፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃታል፤ ለትልቁ የአውራ ጣት ስፋት። ኩሱን ይመልከቱ፦ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ከሆነ የትንሿ ነው፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ የትልቁ። ቀዳዳ ሲደፈን ጨርቅ፣ ወረቀት ወይም ፎም ብቻውን አይበቃም፤ አይጥ ይቦረቡረዋል። የድስት መፋቂያ ሽቦ አጥብቆ ጠቅጥቆ በላዩ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር አቡክቶ መለሰን ያስፈልጋል። የበር ሥር ክፍተት በቆርቆሮ ቅዳጅ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የቤቱ አካል ስለሆነ የአከራይ ሥራ ነው። ክፍት የቆሻሻ ባልዲ፣ ወለል ላይ የተቀመጠ የጤፍ ከረጢትና ሳይታጠብ የሚያድር ድስት ግን የተከራይ ድርሻ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መነገር አለበት። ብዙ አከራዮች ከመኸር በኋላ ከገጠር የመጣ እህል በዚያው ግቢ ያከማቻሉ፤ ዶሮ ያረባሉ፤ ጠላ የሚጠምቁም አሉ። የብቅል፣ የአሻሮና የእህል ሽታ አይጥን ከሰፈሩ ሁሉ ይጠራል። ምንጩ የአከራዩ ጎተራ ሆኖ ሳለ ተከራዩን ወጥመድ ግዛ ማለት ፍትሕ አይደለም።

በረሮ። ሁለት ዓይነት ነው፤ ክርክሩን የሚፈታውም ልዩነቱ ነው። አንደኛው ትንሽ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቡናማ ቀላ ያለና አንገቱ ሥር ሁለት ጥቁር መስመር ያለው ነው። ይህ በካርቶን፣ በፍሪጅና በቴሌቪዥን ዕቃ ውስጥ ሆኖ ከቤት ወደ ቤት ይጓዛል፤ አንዲቷ የእንቁላል ከረጢት ከ30 እስከ 40 ጫጩት ትይዛለች። ሌላው 4 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ትልቅ በረሮ ነው፤ ከፍሳሽ ጉድጓድና ከሽንት ቤት ይወጣል። ትልቁ በሌሊት ከመታጠቢያ ቤት ቀዳዳ ሲወጣ ከታየ የጉድጓዱ ክዳን ተሰንጥቋል፣ ወይም የወለሉ ፍሳሽ መቀበያ ውሃ የሚይዝ መታጠፊያ የለውም ማለት ነው። ያ የአከራይ ነው። ትንሹ ኩሽና ውስጥ ብቻ ከሆነና ተከራዩ ከገባ ወራት ካለፉት የተከራይ ነው።

ለትንሹ በረሮ የሚያዋጣው በመርፌ ቅርጽ የሚሸጠው፣ በረሮው በልቶት የሚሞትበት ጄል ነው፤ የምስር ፍሬ በሚያክል ነጥብ በቁም ሣጥን ማጠፊያ፣ በምድጃ ጀርባና በፍሪጅ ሞተር አጠገብ ይደረጋል። ጄሉ ባለበት ቦታ ፍሊት መንፋት ግን ሥራውን ያበላሸዋል፤ በረሮው ሽታውን ሸሽቶ ጄሉን አይነካም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜልና ጀሪካን በየቤቱ ስላለ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ሥሩም ይድረቅ፤ ያለ ምግብ የሚቆየው በረሮ ያለ ውሃ አይቆይም።

ትኋን። ከሁሉ የሚያጣላው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከንጽሕናም ከድህነትም ጋር አይያያዝም። በሻንጣ፣ በአሮጌ አልጋ፣ በሶፋና በእንግዳ ልብስ ይመጣል። ለጥምቀት ሰሞን ክፍሉን ለእንግዳ ያከራየ አከራይ ከጥር 11 በኋላ ትኋን ቢያገኝ አይደነቅ። ባዶ ክፍልም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል፤ በጎንደር ብርድ ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ «ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ነበር» የሚለው የአከራይ መከራከሪያ አያስኬድም። «እኔ ንጹሕ ነኝ» የሚለው የተከራይ መከራከሪያም እንደዚሁ።

በመጀመሪያው ማታ የእጅ ባትሪ ይዘው የአልጋውን መገጣጠሚያ፣ የፍራሹን ስፌት፣ የበሩን መቃንና ከአልጋው ጀርባ ያለውን የልስን ስንጥቅ ይመልከቱ። ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተገፈፈ ቅርፊትና ነጭ እንቁላል ከገቡበት ቀን ጀምሮ ካሉ የቀድሞ ናቸው። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይገድለውም፤ ወደ ጥላው ገጽ ይዞርና ማታ አብሮ ይገባል። የሚገድለው ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ነው። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በአልጋው መገጣጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ከበቂ በላይ ነው። ልብሱን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ አልጋውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ማራቅ፣ ስንጥቁን በጄሶ ወይም በጭቃ መለሰን ይከተላል። መርጨት ካስፈለገ ሁለት ጊዜ ነው፤ መርዙ እንቁላሉን ስለማይገድል ሁለተኛው ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ተረጭቶ «ተመለሰ» የሚባለው አብዛኛው ትኋን ከዚያው እንቁላል የተፈለፈለ ነው።

ቁንጫ። ተከራይ በገባበት ሳምንት ቁንጫ ከወረደበት አስቀድሞ የነበረ ነው። ሙሽሬው፣ ማለትም ገና ሙሉ ቁንጫ ያልሆነውና በሽፋኑ ውስጥ ያለው፣ በአቧራ ውስጥ ወራት ተኝቶ ይቆይና የእግር ንዝረት ሲሰማ ይፈለፈላል። የጭቃ ወለል ስንጥቅ መኖሪያው ስለሆነ ወለሉን ማስለሰን የአከራይ ነው። ተከራዩ ውሻ ወይም ድመት ካመጣ ግን ኃላፊነቱ ይዞራል።

ምስጥ ያለ ክርክር የአከራይ ነው። በግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያህል የአፈር ቧንቧ ካዩ ጥቂቱን ይስበሩና ከቀናት በኋላ ይመልከቱ፤ ከተጠገነ ምስጡ ሕያው ነው። ተከራይ ግዴታው ወዲያው መናገር ብቻ ነው። የነቀዝ ወጪ በተቃራኒው የእህሉ ባለቤት ድርሻ ነው።

አራቱ ስምምነቶች

ሁሉም በአከራይ። ከዕቃ ጋር ለሚከራይ ክፍልና በየሴሚስተሩ ተከራይ ለሚቀየርበት የተማሪ ቤት ይህ ይሻላል፤ አልጋውም ፍራሹም የአከራይ ስለሆነ ታሪኩን የሚያውቀው እሱ ነው። የሚበላሸው አከራዩ ሌላ ከተማ ሲኖርና ነገሩ በደላላ በኩል ሲሄድ ነው። ሌላው ችግር ተከራዩ ቸልተኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ውሉ ቀን ይወስን፦ ከተነገረው በ7 ቀን ውስጥ እርምጃ፣ ካልሆነ ተከራይ አሠርቶ በደረሰኝ ከኪራይ ይቀንሳል። ይህ መቀነስ በጽሑፍ ካልተፈቀደ በራስ ሥልጣን አይደረግም፤ አከራዩ ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ሊከስ ይችላል።

ሁሉም በተከራይ። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፤ የሚሰቃየው ራሱ ስለሆነ ማንንም አይጠብቅም። የሚያዋጣው ግን ሙሉ ግቢ ለዓመታት ለሚከራይ ቤተሰብ፣ ኪራዩም በዚያው ልክ ዝቅ ሲል ነው። በአንድ ክፍል ለሚኖር ሰው ግን ክፉ ውል ነው። ግድግዳውን ማስለሰን አይፈቀድለትም፣ ጎረቤቱን ማስገደድ አይችልም፣ ያወጣውን ወጪ ጥሎ ይወጣል። አቅሙ ሲያጥር ደግሞ ያለ ስም በብልቃጥ ወደሚሸጥ መርዝ ይሄዳል።

በምንጩ መከፋፈል። ለአብዛኛው የጎንደር ቤት የምንመክረው ይህን ነው። የቤቱ አካል፣ ማለትም ጣሪያ፣ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ መሠረት፣ ፍሳሽና ሽንት ቤት፣ እንዲሁም አከራዩ በግቢው የሚያከማቸው ነገር በአከራይ፤ የአኗኗር ጉዳይ በተከራይ። አስቸጋሪው ትኋን ስለሆነ በቀን ይለያል፦ ከመግቢያው እስከ 30 ቀን የታየ የአከራይ፣ ከዚያ በኋላ የታየ የተከራይ። 30 ቀኑ የትኋን እንቁላል ተፈልፍሎ፣ ነክሶና ምልክት ትቶ ለመታየት የሚበቃ ጊዜ ነው። ፍጹም ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም አስቀድመው የሚያውቁት ቀን ስለሆነ ጠብን ያስቀራል። ድካሙ ምዝገባው ነው፤ ሲገቡ የተነሳ ፎቶና ሁለቱም የፈረሙበት ወረቀት ከሌለ ስምምነቱ ባዶ ቃል ይሆናል።

የግቢ መዋጮ። በአንድ ግቢ አራት አምስት ክፍል በአንድ ኮርኒስ ሥር ሲኖር ለትኋንና ለአይጥ ይህ ያዋጣል፤ ሁሉም ክፍል በአንድ ቀን ይረጫል። መዋጮው በሰው ሳይሆን በክፍል ይሁን፤ ግማሹን አከራይ፣ ግማሹን ተከራዮች ይሸፍኑ። የሚያፈርሰው አንድ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ ሲሄድ ነው፤ ያ አንድ ክፍል ሌሎቹን ሁሉ መልሶ ያስይዛል። ስለዚህ ቀኑ ከሳምንት በፊት ይነገር፣ የመክፈት ግዴታውም በየግል ውሉ ይጻፍ።

| መመዘኛ | ሁሉም በአከራይ | ሁሉም በተከራይ | በምንጩ መከፋፈል | የግቢ መዋጮ |
|---|---|---|---|---|
| ቀዳዳ የመድፈን አቅም | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| ፍጥነት | አከራዩ ቅርብ ከሆነ | ፈጣን | መካከለኛ | ቀን ማስማማት ይጠይቃል |
| ለጎረቤት ክፍል መድረስ | ይችላል | አይችልም | ከአከራይ ፈቃድ ጋር | ዋና ጥቅሙ ነው |
| የሚፈልገው ማስረጃ | ጥቂት | ጥቂት | ብዙ | ጥቂት |
| የተከራይ ወጪ | በኪራይ ውስጥ | ከባድ | እንደ ምንጩ | ቀላል |
| የሚስማማው | የተማሪና ከዕቃ ጋር የሚከራይ ክፍል | ለረጅም ጊዜ የተያዘ ሙሉ ግቢ | አብዛኛው ቤት | ተያያዥ ክፍሎች ያሉት ግቢ |

ሕጉ የት ድረስ ያግዛል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለኑሮ በሚመች ሁኔታ እንዲያስረክብና እንዲያስጠግን ያስገድዳል፤ የበር፣ የመስኮት፣ የወለልና የቧንቧ ዓይነት ጥቃቅን ጥገና ደግሞ በተከራይ ላይ ያደርጋል። በእርጅና ብቻ የተበላሸው ግን የተከራይ አይደለም። ይህ አከፋፈል ለአይጥና ለምስጥ በቂ መነሻ ነው፤ ለትኋንና ለበረሮ ግን ውሉ ራሱ መናገር አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል፤ ተፈጻሚነቱ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ከመፈረምዎ በፊት ቀበሌዎን ይጠይቁ። ሁለት ዓመት ለሚቆይ ውል ሁለት መስመር ስለ ተባይ መጨመር አይበዛም። በኮንዶሚኒየም ደረጃው፣ የጋራ ቧንቧ መውረጃውና የቆሻሻ ቦታው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚተዳደር የጋራ ንብረት ነው፤ ከዚያ የሚመጣ በረሮ ወደ ባለቤቶቹ ማኅበር ይወሰዳል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ግን አባል የሆነው አከራይ ነው።

ለውሉ የሚሆን አንቀጽ፦

«አከራይ ቤቱን ከተባይ ነፃ አድርጎ ያስረክባል። በርክክብ ዕለት ሁለቱም ወገኖች አልጋ፣ ኮርኒስ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት አይተው ይፈርማሉ። ከርክክብ እስከ 30 ቀን ለሚታይ ትኋን፣ ቁንጫና በረሮ፣ እንዲሁም በማናቸውም ጊዜ ከጣሪያ፣ ከግድግዳ፣ ከመሠረት ወይም ከፍሳሽ ለሚመጣ ተባይ ወጪው የአከራይ ነው። ከ30 ቀን በኋላ ለሚታይ ትኋን፣ እንዲሁም ከተከራይ ዕቃ፣ እንስሳ ወይም ከምግብ አያያዝ ለሚመጣ ተባይ ወጪው የተከራይ ነው። ተከራይ ባየ በ3 ቀን ያሳውቃል፤ አከራይ በ7 ቀን እርምጃ ይወስዳል። ይህ ካልሆነ ተከራይ አሠርቶ በደረሰኝ ከሚቀጥለው ኪራይ ይቀንሳል።»

ተባዩ ሲታይ

በመጀመሪያ ተባዩን በፕላስተር ወረቀት ላይ ይለጥፉ፣ ከሳንቲም አጠገብ ፎቶ ያንሱት፤ መጠኑ ይታወቃል። ከዚያ በቃል ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክት ይንገሩ፣ አክብሮቱ ሳይጓደል፦ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ። ትናንት ኅዳር 4 ማታ ከመታጠቢያ ቤቱ ቀዳዳ ሦስት ትልልቅ በረሮ ሲወጣ አይተናል፤ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። የጉድጓዱን ክዳን በዚህ ሳምንት ቢያሳዩልን።» የአከራይን ስም የማያጎድፍ፣ ቀንና ቦታ ያለው መልእክት በኋላ ለሽማግሌም ለፍርድ ቤትም ማስረጃ ነው። ምላሽ እስኪመጣ አልጋና ሶፋ ወደ ሌላ ክፍል አያዛውሩ፤ ትኋኑን ራስዎ ይዘሩታል።

የሚረጭ ሰው ሲጠሩ አራት ነገር ይጠይቁ፦ የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው? ዕቃው ላይ ለመኖሪያ ቤት የሚል መግለጫ ተለጥፏል? ስንት ሰዓት ከቤት እንውጣ? ለሁለተኛው ዙር መቼ ትመለሳለህ? ሁለተኛው ዙር በዋጋው ውስጥ ይሁን። በብልቃጥ ተገልብጦ የመጣ፣ ስም የሌለው ፈሳሽ ከሆነ ይመልሱት። ለማሳ የሚሸጡት ማላታይንና ዳይዚኖን ለመኝታ ክፍል አይደሉም። ነጭ ጋዝ በአልጋ ላይ ማፍሰስም ቃጠሎ መጥራት ነው። ከመርጨቱ በፊት በርሜሉ፣ ጀሪካኑና ሊጡ ተከድነው ይውጡ።

የእህል ክኒን በምንም ዓይነት ሰው በሚኖርበት ቤት አይግባ። ለነቀዝ የተሠራው ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በኮርኒስና በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ የተኛ ጎረቤትን ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በተያያዙ ክፍሎች አንዱ ተከራይ ለትኋን ብሎ ያስቀመጠው ሌላውን ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። አከራይ በውሉ ላይ ይህን ብቻውን በአንድ መስመር ይከልክል። ማቅለሽለሽ፣ የደረት መጨነቅ ወይም ማዞር ከታየ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ የመርዙ ዕቃ ፎቶ ተነስቶ ሳይዘገዩ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይኬድ።

ለማን የቱ?

በጀቱ ጠባብ የሆነና ለጥቂት ወራት የሚከራይ ተማሪ «ሁሉም በአከራይ» የሚለውን ይጠይቅ፤ አከራዩ እምቢ ካለ ቢያንስ የ30 ቀኑን መስመር ያስጽፍ። የራሱን አልጋና ዕቃ ይዞ የሚገባ ቤተሰብ በምንጩ መከፋፈልን ይምረጥ። ከዕቃው በፊት ባዶውን ክፍል ራሱ ቢያጸዳና ስንጥቁን ቢያስደፍን የሚያወጣው ገንዘብ በኋላ ከሚያስረጨው ያነሰ ነው። ሙሉ ግቢ የሚይዝ ሰው ሁሉንም ሊሸከም ይችላል፤ ምስጥንና ጣሪያን ግን ከውሉ ያስወጣ። ብዙ ክፍል ያለው አከራይ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ የግቢ መዋጮ ቢያዘጋጅ ይጠቅመዋል፤ ዝናቡ ሲጀምር አይጥ ከውጭ ወደ ደረቅ ቤት ይገባልና ቀዳዳው ከዚያ በፊት መደፈን አለበት።

ተከራይ ሲለቅም የመግቢያውን ወረቀት ይዞ ከአከራይ ጋር እንደገና ቤቱን ያይ፤ አልጋው ሥር፣ ኩሽናውና ኮርኒሱ ታይቶ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ፎቶውም ለሁለቱም በእጃቸው ይቅር።